የክርስቲያን ዳገት

ቶኪዮ የተከራየኋት ክፍል ስድስት ታታሚ ነበረች። ታታሚ የሣር ምንጣፍ ነው፤ ጃፓኖች ክፍልን የሚለኩት በምንጣፍ ቁጥር ነው። ስተኛ ራሴ የመጻሕፍቱን ክምር፣ እግሬ የሩዝ ማብሰያውን ይነካል። ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነው። በጃፓን መንግሥት የትምህርት ዕድል የሄድኩ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበርኩ፤ የምማረው የውኃ ምህንድስና፣ የማስበው ስለ ሽሮ። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰባን ያለፉ ሴት ናቸው። ሰፈሩ እንደሚጠራቸው «ኦባሳን» እላቸዋለሁ፤ እኛ ዘንድ «እትዬ» እንደ ማለት ነው። እሳቸውም ደረጀ የሚለውን ስሜን አሳጥረው «ደሬ-ሳን» ይሉኛል።

ሰፈሩ ቡንኪዮ ወረዳ ውስጥ ኮሂናታ የሚባለው ነው። ከባቡር ጣቢያ ስመለስ የማልፋት አንዲት አጭር ዳገት አለች፤ ስሟ በቻይና ፊደላት ተጽፎ ቆሟል። ፊደል የምቆጥርበት ወቅት ስለነበር አንድ በአንድ ተረጎምኳቸው፦ «መቁረጥ»፣ «ቅርንጫፍ»፣ «ቀይ»። ድሮ እንጨት ቆራጮች የኖሩባት ትሆናለች ብዬ ወሰንኩ፤ ወራት ያህል በዚሁ ግምት ወጣሁ ወረድኩ። አንድ ማታ ግኝቴን ለኦባሳን ሳወራቸው ሻዩ እስኪያንቃቸው ሳቁ። ፊደላቱ ለድምፃቸው ብቻ የተሰለፉ ናቸው፤ የሚነበቡት «ኪሪሺታን» ተብሎ ነው። የክርስቲያን ዳገት። «አንተ እኮ ነህ» አሉኝ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ በአገጫቸው እየጠቆሙ።

ስለ ጃፓን ይዤው የሄድኩት ዕውቀት የሁላችንም ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. አገሩን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ከጻፉ ወዲህ እኛ ጃፓንን የምናነሳው ለፋብሪካዋ፣ ለሕገ መንግሥቷ፣ ኋላም ለአበበ ቢቂላ ነው። እዚያ ክርስቲያን ኖሮ ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ወደ አንድ የሙዚየም ዐውደ ርእይ የወሰደን ጋዜጣ ነው። የሰፈሩ ጋዜጣ አከፋፋይ በየወሩ ሒሳብ ሲሰበስብ፣ ደንበኛ እንዳይሸሽበት የልብስ ሳሙና ወይም የሙዚየም ትኬት ይሰጣል። ኦባሳን የሚወዱት ሳሙናውን ነበር። በዚያ ወር ግን ሁለት ትኬት ደረሳቸው፤ ሲያገላብጡት ቆዩና «ያንተ ሃይማኖት ዕቃዎች አሉበት፤ በነፃ ነው» አሉኝ። እሑድ ጠዋት ግራጫ ኪሞኖ ለብሰው፣ የሩዝ ድብልብል በጨርቅ ቋጥረው ወደ ኡኤኖ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። የድሮ ወረቀትና ቀለም ብርሃን ስለማይችል መብራቱ ዝቅ ብሏል፤ ሰዉም የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። መጀመሪያ የቆምንበት መስተዋት ውስጥ የእጅ መዳፍ ሁለት እጥፍ የምታህል የናስ ሰሌዳ ተቀምጣለች። የተሰቀለው ክርስቶስ ነው። ነው የምለው ጽሑፉን አንብቤ እንጂ ፊት የሚባል የለውም። አፍንጫው፣ ዓይኑ፣ የጎድን አጥንቱ ሁሉ ተልጦ፣ ሲጠቡት እንደ ሟሸሸ ከረሜላ ለስልሷል። በጎኑ ያለው ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ ትንሽ ምስል በእንጨት ገበታ መሐል የተቀረቀረበት ነው፤ እንጨቱ ጣቶች በሚያርፉበት በኩል ጎድጉዷል።

ፉሚ-ኤ ይሉታል፤ የሚረገጥ ሥዕል ማለት ነው። (ከዚህ በኋላ የሩቅ ዘመን ስጠቅስ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ፍራንሲስ ዣቪየር የተባለው ኢየሱሳዊ መነኩሴ ነሐሴ 15 ቀን 1549 ካጎሺማ ላይ ከመርከብ ከወረደ በኋላ ባሉት ስድሳ ዓመታት ክርስትናው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ አማኙ ወደ 300,000 ደርሶ እንደነበር ይገመታል። መሳፍንት ሳይቀሩ ተጠመቁ። ከዚያ ገዢዎቹ ከመስቀሉ በስተጀርባ የስፔንና የፖርቱጋል መርከብ ታያቸው። በ1597 ናጋሳኪ ኮረብታ ላይ 26 ሰዎች ተሰቀሉ፤ በ1614 ሃይማኖቱ በመላ አገሪቱ ታገደ። በየመንደሩ የእንጨት ማስታወቂያ ተተከለ፦ ቄስ ለጠቆመ 500 ጥሬ ብር። እያንዳንዱ ቤተሰብም የቡድሃ ቤተ መቅደስ መዝገብ ላይ እንዲመዘገብ ተገደደ። እምነቱ የቀረ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ ሥዕሉ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ እየመጣህ ትረግጣለህ። የረገጠ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንቢ ያለውን የሚጠብቀው ሌላ ነው።

ከቅርጻ ቅርጹ ይልቅ የደነቀኝ ነገሩ የተለመደበት መንገድ ነው። ናጋሳኪ ውስጥ በየአዲስ ዓመቱ የሚደረግ ሥርዓት ሆነ። ማሩያማ የተባለው ሰፈር ሴተኛ አዳሪዎች ያማረ ልብሳቸውን ለብሰው ሊረግጡ ሲወጡ ተመልካች ይሰበሰብ ነበር። ባለ ቅኔዎቹም በሃይኩ ግጥም ውስጥ «ሥዕል ረገጣ»ን እንደ ቼሪ አበባ የጸደይ ምልክት አድርገው መዘገቡት። ጭካኔ ወቅት ሲሆን እንዲህ ነው፤ ሰው ይቀኝበታል። መስተዋቱ ውስጥ ያለችውን ዓይነት የናስ ሰሌዳ በ1669 ያስቀረጹት አሮጌዎቹ በእግር ብዛት ስላለቁና ስላልበቁ ነው።

ኦባሳን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ግንባራቸው መስተዋቱን እስኪነካ ተጠግተው አዩት።

«እኔ ብሆን እረግጥ ነበር» አሉ።

ዝም አልኩ።

«ከዚያ ቤቴ ገብቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሌሊት፣ ልጆቹ ሲተኙ።»

እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ አፈርኩባቸው። እኔ የሰማዕታት ገድል ሲነበብልኝ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት ተሰቃይቶ አልካደም፤ ቂርቆስ በፈላ ውኃ ውስጥ ሕፃን ሳለ አልካደም፤ ናስ ላይ እግር ማሳረፍ ምን ያቅታል? «ኖር» ብዬ እንደማልነሳለት ሰው ፊቴን አዞርኩባቸው። እሳቸው አላስተዋሉም፤ ወይም አስተውለው ተዉኝ።

በኋላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳነብ፣ አሮጊቷ ያሉት ሳያውቁት የድብቆቹ ክርስቲያኖች ሥርዓት ሆኖ አገኘሁት። ቄስ በሌለበት፣ ንስሐ የሚቀበል በሌለበት አገር፣ «ኮንቺሪሳን» የሚሉት የጸጸት ጸሎት ነበራቸው፤ ቃሉ ከፖርቱጋልኛ የተወሰደ ነው። በቀን ይረግጣሉ፤ ማታ እሱን ይደግማሉ። በዚህ መልክ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት። መንደሩ ሦስት ሹማምንት አሉት፦ ሕፃናትን የሚያጠምቀው «ባለ ውኃ»፣ ወሬ የሚያደርሰው «አድማጭ» እና በዓላቱ መቼ እንደሚውሉ እየቆጠረ የሚያስታውቀው «ባለ መዝገብ»። ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር ገበሬ ማለት ነው፤ ሲያዝም የሚጠየቀው እሱ ነው።

ከፉሚ-ኤው ቀጥሎ ነጭ የሸክላ ምስል ነበር። ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከቻይና፣ ከፉጂየን የመጣች ካኖን ናት፤ የቡድሃ እምነት የምሕረት እመቤት። ድብቆቹ ግን በልባቸው ማርያም ብለው ይጸልዩባት ነበር። ናጋሳኪ አጠገብ ኡራካሚ በምትባል መንደር ፍተሻ ሲደረግ ተወርሳ፣ እንደ ማስረጃ ተቀምጣ፣ ከጊዜ በኋላ ሙዚየም ገባች። ምስሏን ብቻ አይቶ የማንኛዋ እንደሆነች የሚለይ የለም፤ ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ኦባሳን ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉላት። እቤት ሟች ባላቸው ፎቶ ፊት ጠዋት ጠዋት ሩዝና ሻይ ሲያስቀምጡ የሚያደርጉት እጅ መንሻ ነው፤ ያው እኩል፣ ያው አጭር። «ለየትኛዋ ነው?» አልኳቸው በተንኮል። «ልጅ ለታቀፈችው» አሉኝ።

ሦስተኛው መስተዋት ውስጥ ሥዕል ነበር። ሰማያዊ ካባ የተከናነበች፣ እንባ ያዘለች ማርያም፤ ከካባዋ ጫፍ አውራ ጣቷ ብቻ ወጥቶ ይታያል። «የአውራ ጣቷ ማርያም» ይሏታል። ይዟት የመጣው ጆቫኒ ባቲስታ ሲዶቲ የተባለ የሲሲሊ ቄስ ነው። በ1708፣ አገሩ ከተዘጋ ከሰባ ዓመት በኋላ፣ ፀጉሩን እንደ ሳሙራይ ተላጭቶ፣ ሰይፍ ታጥቆ ያኩሺማ ደሴት ላይ ብቻውን ወረደ። መልኩ ግን ወዲያው አሳበቀበት፤ ተያዘ። አራይ ሐኩሴኪ የተባለ የመንግሥት አማካሪና ሊቅ ኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ መረመረው፤ ሃይማኖቱን ሞኝነት አለው፣ በሰማይና በምድር ዕውቀቱ ግን ተደነቀ፣ ከጭውውታቸውም መጽሐፍ ወጣ። ሲዶቲ አልተገደለም። ክርስቲያኖች በሚታሰሩበት ግቢ ቀለብ እየተሰፈረለት ተቀመጠ። ሲያገለግሉት የነበሩትን ባልና ሚስት፣ ቾሱኬንና ሐሩን፣ አጠመቀ ተብሎ ግን ሦስቱም ጠባብ ጉድጓድ ክፍል ወረዱ፤ ሲዶቲ በ1714 ሞተ።

ጽሑፉ የግቢውን አድራሻ ይጠቅሳል። ኮሂናታ። ሁለታችንም ተያየን። ዳገቷ የወጣችው ወደዚያ እስር ቤት ነበር። ከጃፓን ከተመለስኩ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በፈረንጅ 2014 እዚያው ሰፈር ለአፓርታማ መሠረት ሲቆፈር የሦስት ሰዎች አጽም ተገኘ፤ አንደኛው በምርመራ የጣሊያናዊው መሆኑ ተረጋገጠ። እኔ ስንቴ ዳይኮን ራዲሽ አንጠልጥዬ በላያቸው አልፌ ይሆን?

ኢየሱሳውያን እኛም አገር መጥተዋል፤ ያውም በዚያው ዘመን። ሱስንዮስን በ1622 ካቶሊክ አደረጉት፤ አገሩ በደም ታጠበ፤ በ1630ዎቹ ፋሲለደስ አባረራቸው፣ በሩንም ዘጋ። ጃፓንም ፖርቱጋሎችን ያባረረችው በ1639 ነው። ልዩነቱ እኛ ሰዎቹን አባርረን ሥዕላቸውን ማስቀረታችን ነው። ሮም በሳንታ ማርያ ማጆሬ ያለችው፣ ሁለት ጣቷን ዘርግታ ልጇን የታቀፈችው ማርያም ቅጅዋ በእነሱ እጅ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ሠዓሊዎቻችን በመላው አገር እሷን መሰል ሣሉ። ዛሬ ምስለ ፍቁር ወልዳ ስንል ዓይናችን ላይ የምትመጣው እሷው ናት። ማን አመጣት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኛም ቤት ነበረች፤ ከመርካቶ የተገዛች፣ በመስተዋት የተከበበች ወረቀት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከሬዲዮው በላይ።

አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በ1970 ዓ.ም.፣ በደርግ ዘመን፣ ለሠራተኛው ሁሉ የሚሞላ ፎርም መጣ። አባቴ ማንኛውንም ነገር በቀለም ከመጻፉ በፊት በካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ የመሞከር ልማድ ነበረው፤ የሒሳብ ሰው ነዋ። ወረቀቱን ምግብ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄደ፣ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ አነበብኩት። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ደረጃ። ሃይማኖት፦ የለኝም። «የለኝም»ን ሁለት ጊዜ ጽፎታል፤ የመጀመሪያውን አጥፍቶ መልሶ እዚያው ላይ። በማግሥቱ ሥዕሏ ከግድግዳው ወረደች፤ ሚስማሩ ላይ የመሥሪያ ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ተሰቀለ። አያቴ ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ጀርባዋን ሰጥታው «ካደ» አለች፣ ለግድግዳው እንደምትነግር።

ሥዕሏ የገባችው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከካፖርቱ ኋላ። ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ለመስቀል ይከፍተዋል፤ ኮት መስቀል የማይፈጀውን ያህል ጊዜ ይቆያል። እኔም ከአያቴ ወግኜ ነበርና በሩን ሲዘጋ የምሰማው ድምፅ ያስጠላኝ ነበር።

ኢኪትሱኪ በተባለች ደሴት የድብቆቹ ሥዕሎች «የጓዳ አምላክ» ይባላሉ። ማርያም ኪሞኖ ለብሳ ሕፃኑን ታቅፋ የተሣለችበት ጥቅል ወረቀት ነው፤ የሚቀመጠው ከሳሎን መሠዊያ ርቆ፣ የመኝታ ልብስ በሚታጠፍበት ጓዳ ውስጥ ነው። እዚያው ደሴት ላይ «ኦራሾ» የሚሉትን ጸሎት በቃላቸው ይዘው ነበር፤ ከላቲን ወደ ጃፓንኛ ጆሮ ተላልፎ፣ ትርጉሙ ጠፍቶ፣ ድምፁ ብቻ የቀረ። ሚናጋዋ ታትሱኦ የተባለ የሙዚቃ ተመራማሪ ከመዝሙሮቹ የአንዱን ምንጭ ዓመታት ፈልጎ ማድሪድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን የስፔን የዜማ መጽሐፍ ላይ አገኘው። ቅጂውን ስሰማው ያሰብኩት አያቴን ነው። ግእዝ አትሰማም ነበር፤ ውዳሴ ማርያምን ግን ያለ አንድ ስሕተት ትደግማለች። የቃሉን ትርጉም ስጠይቃት «እሷ ትሰማዋለች» ትለኝ ነበር።

የኡራካሚዎቹን መጨረሻ ለብቻው መናገር አለብኝ። በ1865 ናጋሳኪ ውስጥ ለፈረንሳዮች የተሠራው የኦውራ ቤተ ክርስቲያን ተከፈተ። አንድ ቀን ጥቂት ገበሬዎች ገቡ፤ አንዲት ሴት ወደ ቄሱ ወደ ፕቲዣን ተጠግታ ልባቸው ከእሱ ጋር አንድ መሆኑን አንሾካሾከችለት፣ የማርያም ምስልም የት እንዳለች ጠየቀችው። ተገለጡ። እገዳው ግን ገና አልተነሣም ነበርና ከ1867 ጀምሮ ከ3,300 በላይ የሚሆኑ የመንደሯ ሰዎች ተለቅመው በየግዛቱ ተጋዙ፤ ከ600 በላዩ በዚያው ቀሩ። እነሱ ግዞቱን «ጉዞ» ብለው ይጠሩታል፤ ሌላ ስም አልሰጡትም። በ1873 ሲመለሱ ድህነት ላይ ናቸው፤ ቢሆንም ገንዘብ አዋጥተው የመንደሩን የድሮ ሹም ግቢ ገዙ። ሥዕሉን በየዓመቱ ይረግጡ የነበረው እዚያ ግቢ ነው። ካቴድራላቸውን እዚያ ላይ ሠሩ።

ነሐሴ 9 ቀን 1945 ከአቶሚክ ቦምቡ ፍንዳታ በግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የነበረው ይኸው ካቴድራል ነው። በእኛ ነሐሴ 3 ማለት ነው፤ የፍልሰታ ጾም ሦስተኛ ቀን። እነሱም የማርያምን ዕርገት ሊያከብሩ ሳምንት ሲቀራቸው ለንስሐ ተሰልፈው ነበር። ከአጥቢያው 12,000 ካቶሊኮች 8,500 ያህሉ አለቁ።

ከሙዚየሙ ወጥተን ኩሬው ዳር የሩዝ ድብልብላችንን በላን። ኦባሳን ስለ ናጋሳኪ ሳነሳባቸው የቶኪዮን ቃጠሎ ነገሩኝ፤ መጋቢት 1945፣ እናታቸውን። ያን እዚህ አልጽፈውም።

በአንድ ቅዳሜ ደግሞ የዋታናቤ ሳዳኦን ኅትመቶች ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። ሠዓሊው ከሞተ ገና ዓመቱ ነበር። በእጅ ታሽቶ በተጨማደደ ወረቀት ላይ፣ ቀለሙን በአኩሪ አተር ወተት በጥብጦ፣ በባህላዊው የጨርቅ ማቅለሚያ ጥበብ መጽሐፍ ቅዱስን ብቻ ዕድሜ ልኩን ያተመ ሰው ነው። በመጨረሻው እራት ሐዋርያቱ ኪሞኖ ለብሰዋል፤ ገበታው ላይ ያለው ትልቅ ዓሣ ነው። ስለ ዓሣው ለኦባሳን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሃይማኖቴ የምር ጠየቁኝ፦ «ምን ዓይነት ዓሣ?»

ለአባቴ ስለ ሙዚየሙ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ደርግ ከወደቀ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አባቴም ጡረታ ወጥቷል፤ ሥዕሏ ወደ ሚስማሯ ተመልሳለች። ስለ ፎርሙ በሕይወታችን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። በደብዳቤውም አላነሳሁም። ስለ ናሷ ሰሌዳ፣ ስለ ማታው ጸሎት፣ በዓላቱን ስለሚቆጥረው ባለ መዝገብ ጻፍኩለት፤ «እንዳንተ የሒሳብ ሰው መሆኑ ነው» ብዬ ቀለድኩበት።

መልሱ በስድስት ሳምንቱ ደረሰ። ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፣ የዘንድሮ ጤፍ ተወዷል፣ የእህትህ ልጅ ክርስትና ተነሣ። ከፊርማው በታች፣ በእርሳስ፣ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ልጄ፣ ያ ያልከው ሥዕል ሲረገጥ ጫማቸውን ያወልቁ ነበር ወይስ እንደተጫሙ ነው?»

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ታች ወረድኩና ለኦባሳን ተረጎምኩላቸው። ሳህን እያጠቡ ነበር። ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው፣ «ምን ማለትህ ነው? ባዶ እግራቸውን ነዋ» አሉኝ።

ያንኑ ጽፌ ላክሁለት።